የታናሹ ጋን ዝምታ

ሰውየው ሲሞት እየዘፈነ ነበር አሉኝ። ጋን ውስጥ ገብቶ ግድግዳውን ሲፍቅ መዝፈን ይወድ ነበር፤ ብረቱ ድምፁን ያሳምርለታል። ሠራተኛው «ሳቂታው» ነው የሚለው። ከዘፈኑ መሃል አንድ ጩኸት ወጣ፣ ከዚያ ምንም። ሁለት የጽዳት ሠራተኞች በገመድ ጎትተው አወጡት። እኔ ስደርስ በሸራ ተሸፍኖ ደረጃው ሥር ተጋድሟል። ሸራውን ገለጥ አደረግኩና ወዲያው መለስኩት። ስንት ዓመት ሬሳ ያየሁ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ግን አላጋጠመኝም።

መርማሪ ነኝ። ጣቢያ ውስጥ ከኋላዬ «ክብሪት» ይሉኛል፤ የማላውቅ ይመስላቸዋል። ቶሎ እነድዳለሁ፣ አልክድም። ያን ዕለት እዚያ አዳራሽ ውስጥ ቆሞ ያልነደደ ሰው ካለ ግን እሱ ጤና የለውም።

ፋብሪካው ሳሙና ይሠራል። ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ትልልቅ የብረት ጋኖች አሉ፤ «ታላቁ» እና «ታናሹ» ይሏቸዋል። በሁለቱም የሚፈላው ኮስቲክ ሶዳ ነው። ቆዳ ላይ ካረፈ አጥንት ሳያይ የማይመለስ ነገር ነው። ያን ጠዋት ታላቁ ጋን ሙሉ ነበር። ታናሹ ለእጥበት ባዶ ሆኖ፣ ሳቂታው ውስጡ ነበር።

«እና ሶዳው እንዴት ገባበት?» አልኩ።

ሥራ አስኪያጁ ከረባቱን አስተካከለ። ሰው ሞቶ ከረባት!

«የሰው ስህተት ነው፤ ስህተት ካልነው እንግዲህ» አለ። «ኦፕሬተሩ የታላቁን ፓምፕ እንዲያስነሳ ነበር የታዘዘው። እሱ የታናሹን መሙያ መዘውር ከፍቶበታል።»

«ካልነው ማለት?»

«ኦፕሬተሩ የሟቹ ሚስት ወንድም ነው። ባንድ ቤት ነው የሚኖሩት። ከተኳረፉ ሰንብተዋል፤ ፋብሪካው በሙሉ ያውቃል። እኔ ሰው አላማም፤ መርምሩ።»

አላማም እያለ የሚያማ ሰው አልወድም። ከጎኑ የጥገናው ኢንጂነር ቆሟል፤ ቀኝ እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል።

«እጅዎን ምን ሆኑ?»

«ሳቂታውን ላወጣው ስሞክር ነው» አለ መሬት መሬት እያየ።

«ጀግና ነው!» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ትከሻውን መታ መታ አድርጎት።

ጋኖቹን ዞሬ አየኋቸው። ከየጋኑ ሥር የሚወጣው ቱቦ ከየራሱ ፓምፕ ያልፍና ሁለቱ ተገናኝተው አንድ ትልቅ ቱቦ ይሆናሉ።

«ከታላቁ የወጣው ሶዳ በዚህ መገናኛ ተመልሶ ወደ ታናሹ ሊገባ አይችልም?»

«ፈጽሞ» አለ ኢንጂነሩ። «የታናሹ መውጫ ላይ ቼክ ቫልቭ አለ። ወደ ውጪ ያሳልፋል፣ ወደ ውስጥ አይመልስም። ካስት ስቲል የሚባለው ጠንካራ ብረት ነው፤ ራሴ ነኝ መርጬ ያስገዛሁት። ከአደጋው በኋላ ክዳኑን ፈትቼ አይቼዋለሁ። ሥራ አስኪያጁም አይተዋል። ጤነኛ ነው።»

«ሰው ውስጥ እያለ መውጫው ላይ ያለው መዘውር ለምን አልተዘጋም?»

«የሚታጠብበት ውሃ መውጣት አለበት። እዚህ ሁልጊዜ እንደዚህ ነው የሚሠራው። ቼክ ቫልቩን አምነን ነው።»

ሬሳውን የመረመረው ሐኪም «ከእግሩ ጀምሮ ነው የተቃጠለው፤ ሶዳው ከሥር ነው የመጣው» አለኝ። መሙያውም መውጫውም ከሥር ስለሆነ ይሄ ምንም አልጠቀመኝም።

ኦፕሬተሩን ጣቢያ አገኘሁት። ረጅምና ቀጭን ወጣት ነው፤ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ የገዛ እጁን ያያል።

«እኔ ነኝ» አለኝ ገና ሳልቀመጥ።

«አንተ ምን?»

«የገደልኩት።»

«መዘውሩን ከፈትክ?»

«አልከፈትኩም።»

«ታዲያ ምን ትቀባጥራለህ?»

«ጌታዬ፣ እኔ የማስታውሰው የታላቁን ፓምፕ ማስነሳቴን ነው። ግን ሶዳው ገብቷል። ሥራ አስኪያጁም፣ ኢንጂነሩም፣ አለቃዎም ሌላ መንገድ የለም አሉኝ። ሌላ መንገድ ከሌለ እጄ ነው። ሳላውቀው እጄ ሄዷል ማለት ነው።» እጁን ገልበጥ አድርጎ አየው። «ፈርሜላቸዋለሁ።»

ደሜ ፈላ። ሰው ያደረገውን ሲክድ ለምጃለሁ፤ ያላስታወሰውን ሲያምን ግን ይኸው የመጀመሪያዬ ነው።

«በምን ነበር የተኳረፋችሁት?»

«ቤት ፈልግ አለኝ። ዕድሜህ ደርሷል፣ የራስህን ጎጆ ቀልስ አለኝ። ከፋኝ። ከአገር ቤት አምጥቶ ያሳደገኝ እሱ ነው፤ አባቴ ያባረረኝ ያህል ነው የተሰማኝ። ለኔው ብሎ ነበር።» አፉ ተንቀጠቀጠ፤ ዐይኑ ግን እንደ ድንጋይ ደርቋል።

ስወጣ አለቃዬ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀኝ። «አምኗል፣ ፈርሟል፣ ቂምም አለ። ምን ቀረህ?»

«ቂም? "ሚስት አግባ" የተባለ ሰው አማቹን በሶዳ ይቀቅላል?»

«አንተ ደግሞ መንደድ ትወዳለህ። እስከ ዓርብ ነው። ዓርብ መዝገቡ ለዐቃቤ ሕግ ይሄዳል።»

በማግስቱ የኦፕሬተሩ እህት መጣች። ከቀብር በቀጥታ ነው የመጣችው፤ ጥቁር ልብሷ እስከ ጉልበቷ አፈር ነክቶታል። ታለቅሳለች ብዬ ወንበር አቀረብኩላት። አልተቀመጠችም።

«ባሌን ቀበርኩ» አለችኝ። «ወንድሜን ደግሞ እናንተ ልትቀብሩልኝ ነው። ቤት ሙሉ ለቀስተኛ ሰብስቤ ነው የመጣሁት። የባሌ ወንድም "ያንን ገዳይ ደጃፌ ላይ እንዳላየው" ብሏል። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ገድሎታል ወይስ አልገደለውም? ካልገደለው ልሙትለት። ከገደለው እህት የለውም፤ በቃ። ግን መሃል ላይ አታቁሙኝ። መሃል ላይ መቆም አልቻልኩም!»

«እስከ ዓርብ እነግርሻለሁ» አልኳት።

«በምን አውቀህ?»

ዐይኗን ሳትነቅል አየችኝና «አንተም አታውቅም» ብላ ወጣች።

ኢንጂነሩ «ራሴ መርጬ ያስገዛሁት» ያለው ቫልቭ ከአእምሮዬ አልወጣም። መጀመሪያ የመጣልኝ ለሁላችሁም የሚመጣው ነው፦ ርካሽ ብረት፣ የውሸት ማኅተም፣ የተከፋፈለ ጉርሻ። የሸጠችው ሴት ሱቋ መኪና መለዋወጫ ሰፈር ውስጥ ነው፤ እስከ ጣሪያው ቱቦና ቫልቭ ተቆልሏል። «ወይዘሮ ብረት» ይሏታል። ጢሜ እስኪቆም ተቆጥቼ ገባሁ።

«የሸጡት ቫልቭ ሰው ገድሏል!»

«መጀመሪያ ድምፅህን ቀንስ» አለችኝ ከመነጽሯ በላይ እያየችኝ። «እዚህ ሱቅ ውስጥ የምትጮኸው እኔ ነኝ። የየትኛው ፋብሪካ?»

ነገርኳት። ተነሥታ ከመደርደሪያ አንድ የከበደ ብረት አወረደችና ጠረጴዛው ላይ ጓ አደረገችው። ጎኑ ላይ ፍላጻ ተቀርጿል።

«ጣትህን በዚህ አፍ አስገባ። ግፋ።»

ገፋሁ። ውስጡ በማጠፊያ የተንጠለጠለች ክብ የብረት መዝጊያ አለች፤ ወደ ላይ ተነሣች። ጣቴን ሳወጣ ኳ ብላ ተከደነች።

«ባንድ ወገን ብቻ የሚከፈት በር ማለት ነው» አለች። «ፈሳሹ ሲሄድ ይከፍታታል፤ ልመለስ ሲል ራሱ ገፍቶ ይዘጋታል። ካስት አይረን ብሸጥለት እንደ ገል ይሰነጠቅ ነበር፤ ያኔ ልታስረኝ ትችላለህ። እኔ የሸጥኩለት ካስት ስቲል ነው፤ ሙቀቱንም ግፊቱንም ሶዳውንም ይችላል። ብረቱ ነውር የለበትም።»

«ታዲያ ነውሩ የት ነው?»

«ነውር አለ መቼ አልኩህ?»

«ፊትዎ ይላል።»

ሳቀች። «አመራረጡ ላይ ነው። ያ ኢንጂነርህ መጥቶ "የቱቦዬ አፍ ይሄን ያህላል፣ ልኩን ስጪኝ" አለኝ። "በቱቦው የሚያልፈው ምን ያህል ነው?" አልኩት። ለካ የጋኑ ፓምፕ ትንሽዬ ነው። "አነስ ያለ ውሰድ፤ ቫልቭ የሚመረጠው በሚያልፍበት ፈሳሽ ልክ እንጂ በቱቦ አፍ አይደለም። ፈሳሹ መዝጊያዋን እስከ ጫፍ ካልገፋት መሃል ላይ ተንጠልጥላ ስትማታ ነው የምትውለው" አልኩት። "እኔ ነኝ ኢንጂነሩ ወይስ አንቺ?" አለኝ። እኔም እኮ ተምሬያለሁ፤ ዲግሪዬ ያውልህ ከመጥረጊያው ጀርባ ተሰቅሏል። ግን መልስ አልሰጠሁትም።»

«ሸጡለት?»

«ነጋዴ ነኝ፤ እናቱ አይደለሁ።»

«ስትማታ ብትውል ምን ይመጣል?»

«ኳ ኳ ኳ ነዋ! ጆሮ ትበላለች። ውሎ አድሮ ማጠፊያዋ ያልቃል።»

ማጠፊያዋ ያልቃል! ማጠፊያዋ ካለቀ መዝጊያዋ ትወድቃለች፤ መዝጊያዋ ከወደቀች በሩ ክፍት ነው። ሳልሰናበታት ወጣሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔም እንደዚያው ነኝ።

ፋብሪካው ከአደጋው ወዲህ ቆሟል። የቫልቩን ክዳን በፊቴ አስፈታሁ። የክዳኑ ዳዶዎች በቅርብ የተነኩ ናቸው፤ ያ ግን ምንም አይደለም፤ ኢንጂነሩ «ከፍቼ አይቼዋለሁ» ብሏል። አንገቴን አስግጌ በባትሪ አየሁ። መዝጊያዋ እቦታዋ አለች። ማጠፊያዋም ጤነኛ ነው። በጣቴ ገፋኋት፣ ለቀቅኳት፣ ልክ እንደ ሱቁ ጥብቅ ብላ ተከደነች።

«እንግዲህ» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«እንግዲህ ምን?»

«ምንም። እንግዲህ አልኩ።»

በዚያች «እንግዲህ» ላንቀው ቃጣኝ። ኢንጂነሩ በፋሻ የታሰረ እጁን ደረቱ ላይ አቅፏል። አለቃዬ ወዲያው ደወለ፤ ማን ቶሎ እንደነገረው እንጃ። «ቫልቩ ጤነኛ ነው አሉ። በል ተው አሁን፤ ምስኪን ሰዎች አታስጨንቅ» አለኝ። ምስኪኖቹ እነ ከረባት መሆናቸው ነው! አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው፤ ባለፋብሪካውን መንካት ሲከብድ እስረኛውን መርገጥ።

ያለኝን ሁሉ የጨረስኩ መሰለኝ። የሟቹ ድምፅ ለመጨረሻ ጊዜ የተሰማው መቼ እንደሆነ ለመጠየቅ ብቻ ብዬ ከአዳራሹ ግድግዳ ወዲያ ካለችው ቢሮ ገባሁ። ጸሐፊዋና ሒሳብ ሠራተኛው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል።

«ደህና ዋሉ! ምን ልታዘዝ!» አለች ጸሐፊዋ። በጩኸት ነው፤ ወንዝ ማዶ ያለ ሰው እንደምትጠራ።

«ስለ ሟቹ—»

«ወንበር ስጪው እንጂ!» አለ ሒሳብ ሠራተኛው፣ እሱም እየጮኸ።

እሱ ከሷ፣ እሷ ከሱ አንድ ክንድ አይራራቁም። ክፍሉ ጸጥ ያለ ነው፤ ዝንብ ብትበር ይሰማል። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ንዴቴን የማራግፍበት አጥቼ ነበር።

«ምን ያስጮኻችኋል? ደንቆሮ መሰልኳችሁ?»

ጸሐፊዋ አፏን ያዘች። «ውይ፣ ይቅርታ! ለምዶብን ነው። ያ መንኳኳት አበላሸን።»

«የምን መንኳኳት?»

«የታናሹ ጋን ቱቦ ከዚህ ግድግዳ ኋላ ነው። ያ አዲሱ ነገር ከተገጠመ ጀምሮ፣ ፓምፑ በሠራ ቁጥር ኳ ኳ ኳ! ስልክ ማናገር አልቻልንም። ቤቴ ሄጄ ልጆቼን ስጮህባቸው "እማዬ ምን አጠፋን?" ይሉኛል።»

«አሁን ግን አይሰማም።»

«ፋብሪካው ቆሟል እኮ» አለ ሒሳብ ሠራተኛው።

«አይ፣ ከዚያም በፊት ነው የተወን» አለች እሷ። «ሳሙና ገዢዎቹ ሊጎበኙን ሲመጡ እንዳያፍር ኢንጂነሩ አስተካከለው። "አለቀላችሁ፣ እፎይ በሉ" አለን። አመሰገንነው። ከዚያ ወዲህ ጸጥ።»

«ሳቂታው የሞተ ለትስ?»

«ጸጥ ያለ ነበር። ጠዋት ፓምፑ የእጥበቱን ውሃ ሲያወጣ እንኳ አንዴም ኳ አላለም። ዘፈኑን እዚህ ቁጭ ብለን ስንሰማው ነበር...» ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ስልኬን አውጥቼ ወይዘሮ ብረት ጋ ደወልኩ። «ያ ቫልቭ መማታቱን እንዲተው ማስተካከል ይቻላል?» አልኳት። የመለሰችልኝ አጭር ነበር።

ወዲያው ሁለቱን የጽዳት ሠራተኞች ጠራኋቸው።

«ሳቂታውን ስታወጡት ኢንጂነሩ አብሯችሁ ነበር?»

ተያዩ። «እሱ? እኛ ብቻ ነን። ካወጣነው በኋላ ነው እየሮጠ የመጣ። "አደጋ አለው፣ ሁላችሁም ከአዳራሹ ውጡ" ብሎ አስወጣን።»

«እሱስ ወጣ?»

«እሱማ ቀረ። "አደጋውን አጥፍቼ እመጣለሁ" ብሎ። ቆየት ብሎ ሥራ አስኪያጁን ብቻ ጠርቶ አስገባቸው።»

«ሲያስወጣችሁ እጁ ታስሮ ነበር?»

ትልቁ ቀኝ እጁን አንሥቶ በሩን እየጠቆመ አሳየኝ። «በዚህ በቀኙ ነው "ውጡ፣ ውጡ" ያለን። ፋሻ የሚባል አልነበረበትም።»

ዓርብ ጠዋት ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰብኳቸው፤ ሥራ አስኪያጁን፣ ኢንጂነሩን፣ አለቃዬን፣ ወይዘሮ ብረትን። ኦፕሬተሩን በካቴና አስሬ አመጣሁትና እዚያው ፈታሁለት። ታናሹን ጋን በቀዝቃዛ ውሃ አስሞልቻለሁ።

«ፓምፑን አስነሣ» አልኩት።

«እኔ? አይሆንም ጌታዬ። እኔ ከእንግዲህ ምንም አልነካም።»

«አስነሣ አልኩ!»

ሄዶ ቁልፉን ተጫነ። ፓምፑ አጓራ። ውሃው በቱቦው ውስጥ ሲሮጥ ተሰማ። ከዚያ፦

ኳ።

ኳ። ኳ ኳ። ኳ ኳ ኳ ኳ።

ቱቦው እስከ ጣሪያው ተንቀጠቀጠ። ከግድግዳው ወዲያ ጸሐፊዋ ስትጮህ ሰማናት፦ «ኧረ ተመለሰ! ያ ነገር ተመለሰ!» በሩን ከፍታ ገባች፣ ሁላችንንም ስታይ እዚያው ቆመች።

ኦፕሬተሩ ቱቦው ላይ አፍጥጧል። ከንፈሩ ነጭ ሆነ። «ጌታዬ» አለኝ፣ ድምፁ በመንኳኳቱ መሃል በጭንቅ እየተሰማ። «ይሄ ነገር ያን ለት አልነበረም። ተስተካክሏል ብለውን ነበር።»

«ዝጋው» አልኩና ወደ ኢንጂነሩ ዞርኩ። «ምኑን ነበር ያስተካከሉት?»

«ማጠፊያውን... ትንሽ ቅባት... ግሪስ አድርጌበት ነበር። ምናልባት ታጥቦ ይሆናል።»

ወይዘሮ ብረት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። የደስታ ሳቅ አልነበረም። «ግሪስ? ሶዳ ውስጥ? ቅባትና ሶዳ ሲገናኙ ምን እንደሚሆኑ የሳሙና ፋብሪካ ኢንጂነር ካላወቀ ማን ይወቅ! ስማኝ አንተ መርማሪ፤ ትናንት በስልክ ያልኩህን እዚህም ልድገመው። ይሄ ቫልቭ ለዚህ ፓምፕ በዝቷል። ማስተካከያ የለውም። ዝም የሚለው በሁለት ነገር ነው፤ ወይ በትንሽ ይቀየራል፣ ወይ መዝጊያዋ ተነቅላ ትወጣለች። አልቀየረውም፤ የሸጥኩለት ያው ነው።»

«መዝጊያዋ ግን አለች!» አለ ሥራ አስኪያጁ። «በዐይኔ አይቻለሁ!»

«አለች» አልኩ። «አሁን አለች። ስላለችም ይኸው ትንኳኳለች። ሳቂታው የሞተ ለት ግን ቢሮ ሙሉ ሰው ጸጥ ብሎ ዘፈን ሲሰማ ነበር። ያን ለት አልነበረችም ማለት ነው። ይሄ ልጅ የታዘዘውን ፓምፕ አስነሣ፣ ከታላቁ የወጣው ሶዳ መገናኛው ላይ ደረሰ፣ የሚከለክለው በር አጣ፣ ተመልሶ ታናሹ ውስጥ ገባ። ማንም መዘውር አልተሳሳተም። ከዚያ አንድ ሰው አዳራሹን አስለቅቆ ሶዳ በተኛበት ቫልቭ ውስጥ እጁን ከቶ መዝጊያዋን መለሳት።» ወደ ፋሻው ጠቆምኩ። «ሊያወጣው ሲሞክር ተቃጠለ አላችሁኝ። ያወጡት ሰዎች ደግሞ አላየነውም ይላሉ።»

ኢንጂነሩ መጀመሪያ ሥራ አስኪያጁን አየ፣ ቀጥሎ በሩን። ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

«ለጉብኝቱ ብቻ ነበር» አለ። «ገዢዎቹ በዚያ ድምፅ መሃል ሊያልፉ ነው። ማን መረጠው ይባላል። እሁድ ማንም በሌለበት ነቀልኳት። ሲሄዱ ልመልሳት ነበር። ሥራ በዛ፣ ሁሉም ስለ ጸጥታው አመሰገነኝ... ረሳሁት። በእናቴ ረሳሁት።»

«ለሠራተኞቹ ነገርካቸው? "ይሄን ቫልቭ አትመኑ" አልካቸው?»

ራሱን ነቀነቀ።

«ለምን?»

«በመጠን ተሳሳተ እንዳልባል።»

አንተ አንቱ የሚባል ነገር ጠፋብኝ። «ስማ! ሰው ይረሳል። መርሳትህን ለዳኛ ንገር። ሬሳው ሳይቀዘቅዝ ያቺን መዝጊያ ስትመልስ ግን አልረሳህም! ይሄ ልጅ "እጄ ነው የገደለው" እያለ ሲፈርም አልረሳህም! ስሙ ጠፍቶ እንዲሰቀል ስትተወው፣ በየቀኑ እያስታወስክ ነው የተውከው!»

«እኔ ምንም አላውቅም ነበር» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ከኢንጂነሩ ሁለት እርምጃ እየራቀ።

«እርስዎማ ማወቅ አልፈለጉም። ገዳይ በርካሽ ተገኝቶልዎት ነበር። የቀረውን ጣቢያ በዝርዝር ይነግሩናል፤ ይቅደሙ።»

አለቃዬ የተፈታውን ካቴና አንሥቶ ኢንጂነሩን አሰረው።

ኦፕሬተሩን መኪናዬ ውስጥ አስገባሁት። እስረኛ ክፍል ተመልሶ ዕቃውን ሰበሰበ፣ ግን ከበሩ አልወጣ አለ። «እውነት አልነካሁትም?» ይለኛል። «አልነካህም» እለዋለሁ። ዞር ብዬ ስመለስ ደግሞ «እርግጠኛ ነዎት?» ይለኛል። አዋቂ ሰው የገዛ እጁን ከመርማሪ ሲቀበል ማየት ከሬሳው አይተናነስም። አልቆጣሁትም። እህቱን አስጠራኋት።

መጣች። ሁሉንም ነገርኳት። ቆማ ጨርሳ ሰማችና ወደሱ ሄዳ በጥፊ አለችው።

«ለምን "እኔ ነኝ" አልካቸው? እ? ተንበርክኬ ረግሜሃለሁ እኮ! በባሌ ሬሳ ላይ ረግሜሃለሁ!»

«እታለም...»

«ዝም በል! ተነሥ። ቤት ሙሉ ለቀስተኛ አለ፤ ከኔ ወገን ሰው የሚቀበል ወንድ የለኝም።»

«አያስገቡኝም።»

«ይሞክሯታ!»

ብቻቸውን ልልካቸው አልወደድኩም፤ አብሬ ሄድኩ። ግቢው በር ላይ የሟቹ ታላቅ ወንድም ቆሟል፤ ትልቅ ሰው፣ ፂሙ ሳይላጭ የሰነበተ። ልጁን ሲያይ በሩን በሁለት እጁ ያዘ።

«ይሄን ይዘሽ አትገቢም» አላት።

«አባዬ፣ አልገደለውም። እኔም ተሳስቼ ነበር። ከሱ ጋር ካላስገባኸኝ እኔም አልገባም።»

ሰውየው ወደኔ ዞረ። «መንግሥት ነው እንዲህ ያለው?»

«እኔ ነኝ። መዝጊያ ነቅሎ ሶዳ የመለሰበት ሌላ ሰው ነው፤ ተይዟል። ይሄ ልጅ የታዘዘውን ሠራ እንጂ ምንም አላጠፋም።»

ሰውየው ልጁን አየና እጆቹን ከበሩ ላይ አወረደ።

«ወንድሜን ስንሸከመው አንድ ትከሻ ጎድሎን ነበር» አለው። «ያሳደገህ ሰው ነው የሞተው። ምን ቆመህ ታየኛለህ? አልቅስ እንጂ!»

ልጁ እዚያው በሩ ላይ በጉልበቱ ወደቀ። «ጋሼ!» ብሎ ሲጮህ የጎረቤት ሰው ወጣ። እስከዚያች ሰዓት አንዲት ጠብታ እንባ አላወጣም ነበር፤ በኋላ እንደነገረኝ፣ ገዳይ ለገደለው ሰው ማልቀስ አይገባውም ብሎ ነው። አማቹን በሶዳ ገደሉበት፣ ስሙን ወሰዱበት፣ ለቅሶውንም ጭምር ነጥቀውት ነበር። ታላቁ ወንድም ጎንበስ ብሎ በብብቱ ሥር ያዘውና እያለቀሱ ሁለቱም ወደ ቤት ገቡ።